የሃርላን ቦይለር

ሉዊስታውን፣ ሞንታና
ኦክቶበር 9፣ 1996

ውድ ወይዘሮ ዊኒፍሬድ ፕሩት፣

ደብዳቤዎ ትናንት ደረሰኝ። መልሱን ጠርዙ ጥቁር በሆነ ካርድ ላይ ስለጻፍኩልዎት አይክፋዎት። ቀብር ላይ ለቆሙልኝ ሰዎች ምስጋና እንድልክበት ያሳተሙልኝ ነው፤ ሳልጨርሰው ተረፈ። ሌላ ወረቀት ጠፍቶ አይደለም። ይሄ ጠረጴዛው ላይ ስለነበረ ነው።

«እባክዎ ባለቤትዎን ይጠይቁልኝ» ብለዋል። ሃርላን በኦገስት ሞቷል። የገዟትን ካምፐር፣ ያቺን በፒካፕ ጀርባ ተጭና የምትሄድ ቤት፣ ያመጣልዎት ላይል የሚባለው የወንድሜ ልጅ «ሰውዬው መንዳት ትቷል» ያለዎት እሱን ነው። መቼም ውሸት ነው አይባልም።

ወደ ጥያቄዎ ልግባ። የቤት ማሞቂያው ፋን ይዞራል፣ ከዚያ እሳት ሳይይዝ ቀጥ ይላል ነው ያሉት። እኔ የማሽን ሰው አይደለሁም፤ አልጋ ላይ ጋደም ብዬ ስሰማ የኖርኩትን ልንገርዎት። ሃርላን መጀመሪያ ምድጃውን ይለኩሳል። ሰማያዊ ነበልባል ካየ «ጋዝ አለ» ይላል። ቀጥሎ ማሞቂያውን ይከፍትና ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ፋኑን ያዳምጣል። ድምፁ ደከም ካለ «ባትሪው ነው፤ ነፋሱ ካልበረታ እሳቱን አይፈቅድለትም» ይል ነበር። ለምን እንደማይፈቅድለት አስረድቶኛል። ምን እንዳለ ግን አላስታውስም። አስረዳኝ ብዬ የማልሰማው ነገር ብዙ ነበር።

ሙቅ ውሃ የለም ያሉት ግን ግራ ገብቶኛል። ቦይለሩ አስቸግሮን አያውቅም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ የትም ብንሄድ፣ ጠዋት ጠዋት ሙቅ ውሃ ነበረኝ።

መልሼ እወስዳት እንደሆነም ጠይቀዋል። እወስዳለሁ። ከፒካፑ ጀርባ እያወረድን የምናቆምባት ቦታ ላይ ሣሩ ገና አልበቀለም። ቢጫ አራት ማዕዘን ሆኖ በመስኮት ይታየኛል።

አክባሪዎ፣
ቨርሊን ሶልበርግ

---

ዋሎዋ፣ ኦሪገን
ኦክቶበር 18

ውድ ወይዘሮ ሶልበርግ፣

ነፍሳቸውን ይማር። በፊተኛው ደብዳቤዬ «ባለቤትዎ ቤት ሳይሆን ፍሪጅ ነው የሸጠልኝ» ያልኩበትን መስመር ቀደው ይጣሉልኝ። በርዶኝ ነበር። ሰው ሲበርደው አፉ ይከፋል።

አልመልሳትም። በሁለተኛው ካርድዎ «ሴት ብቻዋን በክረምት ጫካ ውስጥ ምን ትሠራለች?» ብለው ስለጠየቁኝ ልንገርዎት። እዚህ ተራራው ሥር ያለው የካምፕ ሜዳ ጠባቂ ነኝ። ሽንት ቤት አጥባለሁ፣ ማገዶ እሸጣለሁ፣ አዳኞች ሲሰክሩ ዝም አሰኛለሁ፤ በዚያ ፈንታ ካምፐሬን የማቆምበት ቦታ በነፃ ይሰጠኛል። ዕድሜዬን የትምህርት ቤት አውቶብስ ስነዳ ነው የኖርኩት። የሰከረ አዳኝ ከሰባተኛ ክፍል ልጅ አይብስም።

ችግሩ ልጄ ክሌይ ነው። ቦይሲ ከተማ ካለው ቤቱ ምድር ቤት አንድ ክፍል አሰናድቶልኛል። በመስኮቷ የሚታየው የመንገደኛ ጫማ ነው። «እማ፣ በኖቬምበር መጨረሻ፣ ለምስጋና ቀን በዓል እመጣለሁ። ቤቷ ካልሞቀች፣ ሙቅ ውሃ ከሌለሽ፣ ጭኜሽ ነው የምመለሰው» ብሎኛል። ያደርገዋል። እስካሁን ምንም እንደተበላሸ አልነገርኩትም። የራሴን ቤት ሸጬ ካምፐር የገዛሁት ከሰው ቤት ሥር ለመግባት አልነበረም። እዚያ ከወረድኩ እንደማልወጣ አውቀዋለሁ።

ስለ ባትሪው ያሉት ልክ ነበር። ገስ የሚባል ጎረቤት አለኝ፤ አጋዘን ላድን ብሎ መጥቶ እስካሁን ያደነው ቢራ ነው። መለኪያ ይዞ መጣና ባትሪውን አየው።

«እመቤት፣ ይሄ ባትሪ ከአማቴ ያረጀ ነው።»

«አማትህ ይሠራሉ?»

«ይጮሃሉ። አይሠሩም። ልክ እንደዚሁ ነው።»

አዲስ ባትሪ ስናስገባለት ፋኑ አገሳ፣ ጠቅ አለ፣ ከዚያ እሳቱ ሁፍ ብሎ ያዘ። የተቃጠለ አቧራ ሸተተኝና ቤቷ ሞቀች። ሲሞቅልኝ እልል እላለሁ ብዬ ነበር። ካፖርቴን አወለቅኩና ተቀመጥኩ፤ በቃ ይኸው ነው።

የቀረን ውሃው ነው። ገስ «ታንኩ ውስጥ ውሃ መኖሩን ሳታረጋግጪ ቦይለሩን እንዳትለኩሺ፤ ባዶውን ታቃጥይዋለሽ» ብሎ ከልክሎኛል። ባለቤትዎ ከመለኮሳቸው በፊት የሚነኩት ነገር ነበር?

ዊኒፍሬድ ፕሩት

---

ሉዊስታውን
ኦክቶበር 26

ውድ ዊኒ፣

አንቺ ብዬሻለሁ፤ አንቺም በዪኝ። እዚህ ሁሉም ሰው እንደ እንቁላል ነው የሚይዘኝ። አንቺ ቢያንስ ስለ ባትሪ ትጽፊልኛለሽ።

ከመለኮሱ በፊት ምን እንደሚነካ አላውቅም። ተነስቼ አይቼው አላውቅም። ሁልጊዜ ቀድሞኝ ይነሳል። ጨለማ ውስጥ ሲንጎዳጎድ፣ ክዳን ሲያንቋቋ እሰማለሁ። ከዚያ «ቬል፣ ውሃሽ ደርሷል!» ይላል። ከአልጋዬ ስወርድ የመታጠቢያዬ ሳህን ላይ እንፋሎት አለ፣ ፎጣው ጎኑ ተጣጥፏል።

በፖስት ካርድሽ ሻወሩን እንዴት እንደምንጠቀምበት ጠይቀሻል። አንጠቀምበትም ነበር። እዚህ ጋ ሃርላንን ማማት ስላለብኝ ይቅር ይበለኝ። ሰውዬው በውሃ ስስታም ነበር። ሻወሩን ልክፈተው ስል «ሆቴል የገባሽ መሰለሽ? ያለን አንድ ታንክ ነው፣ በሳህን ታጠቢ» ይለኛል። ወንዝ ዳር ቆመን፣ ዊኒ! ወንዙ እየፈሰሰ! ይሄን በቤተ ክርስቲያን ለሴቶቹ እያወራሁ ስንት ዓመት አስቄአቸዋለሁ መሰለሽ። ቀብሩ ላይ ፓስተሩ ራሱ «ወንድማችን ሃርላን አሁን ወዳልተለካ ውሃ ሄዷል» ብሎ ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ መሰለኝ። አፌ ሲከፈት ትዝ ይለኛል።

እንቅልፍ ይወስደኝ እንደሆነ ጠይቀሽኛል። ይወስደኛል። ያ ነው የሚገርመኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ሰው ያመጣልኝ የድንች ምግብ ፍሪዘሩን ሞልቶታል፤ አንዱን አውጥቼ አሞቅና ማን እንዳመጣው ሳላውቅ እበላዋለሁ። ፊደሉ ሁሉ ተጽፎ ነጥቡ እንደቀረ ዓይነት ነው።

ለገስ ታንኩን ይክፈተውና ይየው በዪው። ሃርላን ቢያየው ይናደድ ነበር፤ ግን አያይም።

ቨርሊን

---

ዋሎዋ
ኖቬምበር 4

ውድ ቨርሊን፣

ዘግይቻለሁ፣ ይቅርታ። ፖስታ ቤቱ ተዘግቶ አይደለም። ይሄን ልጻፍልሽ ወይስ ልተወው እያልኩ ስዞር ነው የሰነበትኩት። ገስን ሳማክረው «እኔ ብሆን ማወቅ እፈልጋለሁ፤ ሚስቴ ብትሆን ግን እንድታውቅ አልፈልግም» አለኝ። የሱ ምክር እንግዲህ ይሄ ነው። ስለዚህ እጽፈዋለሁ።

ከመቀመጫው ሥር ያለውን ሳንቃ ፈታነው። ከቦይለሩ ጀርባ ሦስት ትናንሽ የውሃ መዝጊያዎች አሉ። ክረምት ሲመጣ ውሃው ረግቶ ታንኩን እንዳይሰነጥቀው እነሱን ያዞሯቸዋል፤ ያኔ ውሃው ቦይለሩን ዘሎ ያልፋል። በጸደይ መልሰው ያዞሯቸዋል። ያንቺዎቹ በክረምቱ በኩል ናቸው። ገስ ሊያዞራቸው ሲል እምቢ አሉት፤ በዘይት ነው ያላወሳቸው። ከዚያ ባትሪ መብራት ይዞ የእሳቱን ቧንቧ ውስጥ አየ። ረጅም ጊዜ አየ።

«እመቤት፣ ይሄ እሳት አይቶ አያውቅም።»

«ዘጠኝ ዓመት ሠርቷል።»

«ጥቀርሻ አለበት? ነይ እዪው። ከሱቅ እንደወጣ ድስት ነው። ማንም ለኩሶት አያውቅም።»

ዘጠኝ ዓመት ሙቅ ውሃ ነበረኝ ያልሽበትን ደብዳቤ አወጣሁና አነበብኩለት። ሳህኑንም፣ የክዳኑን ድምፅም። ገስ ኮፍያውን አወለቀ።

ቨርሊን፣ ባልሽ ስስታም አልነበረም። ውሃውን በምድጃ ላይ ነበር የሚያሞቅልሽ።

አሁን መዝጊያዎቹን መለስናቸው፣ ቧንቧው አየር መትፋቱን እስኪያቆም ታንኩን ሞላነው፣ ከዚያ ለኮስነው። ወዲያው ያዘ። ግን ውሃው ለብ ከማለት አያልፍም። የሕፃን ወተት ዓይነት። የምስጋና ቀን እየደረሰ ነው፤ ክሌይ ደግሞ መጀመሪያ የሚከፍተው እሱን ቧንቧ ነው። በዚህ ጉዳይ የምጠይቀው ሰው የለኝም፤ አንቺንም አሁን መጠየቅ አሳፈረኝ።

ዊኒ

---

ሉዊስታውን
ኖቬምበር 12

ውድ ዊኒ፣

በፖስት ካርድሽ ተቀይመሽኛል ወይ ላልሽው፣ አልተቀየምኩም። ደብዳቤሽን ፖስታ ሣጥኑ ጋ ቆሜ አነበብኩት። ከዚያ ዶሮዎቹን መገብኩ። ከዚያ ደግሜ መገብኳቸው መሰለኝ፤ ወደ ማታ ላይ ሆዳቸው አላስኬድ ብሏቸው አየኋቸው።

ካምፐሯን አዲስ የገዛናት በጃንዩዋሪ ነበር። በረዶ ውስጥ ቆማ ነው ያመጣናት። ያኔ ሻጮቹ መዝጊያዎቹን ለክረምት አዙረዋቸው ኖሮ እሱ ሳያውቅ ቀርቷል ማለት ነው። በመጀመሪያው በጋ ቦይለሩን ሊለኩሰው ሞክሮ እምቢ ብሎት ይሆናል፤ ወይ ባዶ ታንክ እንዳያቃጥል ፈርቶ ትቶታል። አላውቅም። ለሚስቱ «አቃተኝ» ከሚል ዘጠኝ ዓመት ጨለማ ውስጥ መነሳት ቀለለው። በዚህ አገር ወንድ ልጅ መንገድ ጠፋኝ ከሚል ገደል ቢገባ ይመርጣል።

የሚያናድደው ምን መሰለሽ? ከአጥራችን ማዶ ያለው ኤርቪን የካምፐር ጠጋኝ ነው። ሥራው ነው! ግን እሱና ሃርላን በአጥሩ ምሰሶ ተኳርፈው ሰላምታ እንኳ አልነበራቸውም። ትናንት ወደ አጥሩ ሄድኩ።

«ኤርቪን፣ የካምፐር ሙቅ ውሃ ለብ ብሎ ሲቀር ምንድነው?»

«የውጭው ሻወር» አለኝ፤ ቀና አላለም፣ መጋዙን እየሳለ ነበር። «ጭንቅላቱ ተዘግቷል፣ ሁለቱ ቧንቧዎች ግን ክፍት ናቸው። ቀዝቃዛው ወደ ሙቁ ይገባል። ዝጉት በያቸው።»

«ሃርላን ስለ ካምፐሩ ጠይቆህ ያውቃል?»

«ሃርላን? እኔን?» አለና አሁን ቀና አለ። «ቢጠይቀኝማ ለአንድ ቢራ እሠራለት ነበር።»

ስለዚህ ከካምፐሯ ጎን በውጭ በኩል ያለችውን ትንሽ በር ክፈቺ። ሁለት ቧንቧ ታገኛለሽ። ሃርላን ዓሣ የሚያጥብበት ነው፤ ሁለቱንም ይከፍታል፣ ጨርሶ የሚዘጋው ግን ጫፉን ብቻ ነው። እሱን ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ።

እሑድ ለሴቶቹ ልነግራቸው ተነሳሁ። ስለ ስስቱ ያወራሁትን ሁሉ ላስተካክል። «ሃርላን እኮ» አልኩና ሁሉም ያንን ፊታቸውን አደረጉ፤ ታውቂዋለሽ፣ አንገት ዘንበል የሚልበትን። ተቀመጥኩ። ኬክ ሰጡኝ። በላሁት።

አለቀስሽ ወይ ብለሻል። አላለቀስኩም። ሲመጣ እነግርሻለሁ።

ቬል

---

ዋሎዋ
ኖቬምበር 21

ውድ ቬል፣

የውጭው ሻወር ነበር። ኤርቪን ይባረክ። ሁለቱንም ዘጋኋቸው፤ ውሃው እጅ የሚልጥ ሆኖ መጣ። ሻወሩ ውስጥ ቆምኩ፤ ጠባብ ናት፣ ክርንሽ በር ይመታል፤ ታንኩ እስኪያልቅ ቆምኩ። ቆዳዬ ቀላ። ደስ ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። ሞቀኝ እንጂ ደስ አላለኝም። እንዳንቺው መሆኔ ነው መሰለኝ፣ ወይ እርጅና ነው።

በካርድሽ «ልጅሽን አልሄድም ብለሽ ለምን አትጨርሺውም?» ብለሻል። ክሌይ እንደዚያ አይጨርስም። አባቱ ጥሎን ሲሄድ ትንሽ ልጅ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ የማያየው መብራትና የማይሞክረው ቁልፍ የለም። በቃል አይመለስም፣ በዓይኑ ካላየ። ለማሳየት ነው የተዘጋጀሁት። የሜዳው ኃላፊ ደግሞ ክረምቱን ከቆየሁ በቋሚነት እንደሚቀጥረኝ ነግሮኛል። ይሄንንም ለክሌይ አልነገርኩትም።

በረዶው እስከ ደረጃዬ ደርሷል። ገስ ሄደ። ምንም አላደነም፤ ግን ሲሰናበተኝ ለሚስቱ ሙቅ ውሃ በሳህን ሊያቀርብላት እንዳሰበ ነገረኝ። «ምን ሰርቀህ ነው ትለኛለች» አለ።

ዊኒ

---

ዋሎዋ
ዲሴምበር 2

ውድ ቬል፣

ያሳሰበሽን አስቀድሜ ልንገርሽ። ቀረሁ። እዚሁ ነኝ። ያሸነፈ ሰው ግን እንዲህ ነው የሚሰማው ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ክሌይ በምስጋና ቀን ጠዋት መጣ። ለበዓሉ ትልቅ ወፍ፣ ለተርኪ፣ የሚበቃ ምድጃ ስለሌለኝ ዶሮ ጠብሻለሁ። ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ማሞቂያውን ዝቅ አደረገው፣ ከፍ አደረገው። ባትሪውን ለካ። የጋዝ ሽታ ፍለጋ ጥግ ጥጉን አሸተተ። ከዚያ ሙቁን ቧንቧ ከፍቶ እጁን ከሥሩ ያዘ፤ እስኪያቃጥለው ጠበቀና አወጣው።

«ማን ሠራልሽ?»

«ራሴ። በሞንታና ያለች ወዳጄ በደብዳቤ እያሳየችኝ።»

«በደብዳቤ?»

«በደብዳቤ።»

«እማ፣ ጥሩ ነው» አለ። «በጣም ጥሩ ነው።» ፊቱ ግን ወደቀ ቬል። ሕፃን ሆኖ አሻንጉሊቱን ለሌላ ልጅ ስጥ ሲባል የሚያደርጋትን ፊት አደረገ።

ዶሮውን በላን። ሻወር ልግባ አለኝ። ታንኩን ጨረሰው። ወጥቶ መቀመጫው ላይ ጋደም እንዳለ እንቅልፍ ጣለው፤ እኔ ዕቃውን ከእሱ ፒካፕ ላምጣለት ብዬ ወጣሁ። የኋላ ወንበሩ ላይ ትራስ አለ። የዳቦ መጥበሻ አለ። በማንጠልጠያ የተሰቀለ የሥራ ሸሚዝ አለ፤ የልጅነት ዋንጫው እንኳ አለ።

ሲነሳ ሻይ ሰጠሁትና ስለ ሚስቱ ጠየቅኩት።

«ታማራስ?»

«ደህና ናት። ፎቅ ላይ ናት።»

«አንተስ?»

ሻዩን አስቀመጠ። «ምድር ቤት ነበርኩ። ከሴፕቴምበር ጀምሮ። አሁን ቤቱ ሊሸጥ ነው።»

ያቺ ክፍል ለኔ የተዘጋጀች አልነበረችም። እሱ ነበር የሚኖርባት። አብሮት የሚበላ ሰው ነበር የሚፈልገው፤ «ነይልኝ» ማለት አቅቶት «ይበርድሻል» አለኝ። እኔ ደግሞ ከኦክቶበር ጀምሮ እንዳይበርደኝ ስታገል ከረምኩ። ተሳካልኝ።

እዚህ ቆይ ልለው አፌን ከፈትኩ። አልጋዋ አንድ ናት፣ ሥራው ቦይሲ ነው፤ እሱም ይሄን ቀድሞኝ አስቦት ነበር መሰለኝ ካፖርቱን ማንሳት ጀመረ። «እንግዲህ ምንም አያስፈልግሽም» አለኝ በሩ ላይ። መጥፎ ሐሳብ የለውም፤ ሲመሰክርልኝ ነው። እኔም፣ ሳላስበው፣ ማሞቂያው አንዳንዴ ድምፅ ያወጣል አልኩት። ምንም ድምፅ አያወጣም ቬል። እንደ ሰዓት ነው የሚሠራው።

«ምን ዓይነት ድምፅ?» አለኝና ቆመ።

«የመቆራረጥ ዓይነት። በሁለት ሳምንት ውስጥ የሚብስ ይመስለኛል።»

በሁለት ሳምንት ቅዳሜ መሣሪያዎቹን ይዞ ይመጣል። አሁን እንግዲህ ምን ላበላሽ? አደገኛ ያልሆነ፣ ግን የምር የተበላሸ መሆን አለበት። ክሌይ ማስመሰልን ይለያል።

ዊኒ

---

ሉዊስታውን
ዲሴምበር 8

ውድ ዊኒ፣

ደብዳቤሽን ይዤ በቀጥታ ወደ አጥሩ ሄድኩ። ኤርቪን «ደህናውን ማሞቂያ እንድታበላሽ ነው የምትጠይቂኝ?» አለ። አዎ አልኩት። «ለማን?» ለልጇ አልኩት። መጋዙን አስቀመጠና አሰበበት። ከዚያ «ወደ ቤት ግቢ፣ በበረዶ አትቁሚ» ብሎ፣ አጥሩን ዞሮ መጥቶ፣ እዚሁ ወጥ ቤቴ ተቀምጦ አስረዳኝ። የድንች ምግብ አሞቅኩለት። ምግቡ የመጣበት ሳህን የሚስቱ ሆኖ ተገኘ።

ያለውን እጽፍልሻለሁ፤ ከዚህ ውጭ ምንም እንዳትነኪ። ጋዙን አትንኪ፣ ቦይለሩን አትንኪ። በሩ አጠገብ የፊውዝ ሣጥን አለ። የማሞቂያውን ፊውዝ አውጪና የተቃጠለ አሮጌ ፊውዝ ተኪበት፤ አንድ ኤርቪን ሰጥቶኛል፣ በወረቀት ጠቅልዬ እዚህ ውስጥ አድርጌልሻለሁ። ጥሩውን ኪስሽ ያዢው። ልጁ ከመድረሱ በፊት ባለው ሰዓት እንጂ ቀድመሽ እንዳታደርጊው፣ ትቀዘቅዣለሽ። ኤርቪን እንደሚለው ጠንቃቃ ሰው መጀመሪያ ፊውዝ አያይም፤ ትልቁን ነገር ፈትቶ ነው የሚጀምረው። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ይወስድበታል፤ እስከዚያ ካፖርትሽን ልበሺ።

እኔ እንዴት እንደሆንኩ ጠይቀሻል። ያው ነኝ። ኤርቪን ሲወጣ ሁለት ሳህን አጥቤ ቆየሁ። ብዙ አይደለም፣ ግን ሁለት ነበር።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፣ ይሄ የኤርቪን ሳይሆን የኔ ነው። ፊውዙን ሲያገኘው አታመስግኚው። ጎበዝም አትበዪው። ካፖርትሽን አውልቀሽ ተቀመጪና «ምን ሆኖ ነበር?» በዪው። ከዚያ ስሚው። ገብቶሽ እንኳ ቢሆን እስኪጨርስ ስሚው።

ቬል